ሻብሊ፦ ከውርጭ ጋር የሚኖር የወይን ጠጅ

አሜሪካ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት «ሻብሊ» ሲባል ሰው የሚያስበው በትልቅ ጠርሙስ የሚሸጥ ርካሽ ነጭ የወይን ጠጅ ነበር። የካሊፎርኒያው ጋሎ ኩባንያ በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሮዝ ሻብሊ» እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። እውነተኛው ሻብሊ ግን ከቶ ሮዝ ሊሆን አይችልም። ሻብሊ በሰሜን ፈረንሳይ የምትገኝ፣ የነዋሪዎቿ ቁጥር ከሁለት ሺሕ ብዙም የማይዘል ትንሽ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ኮረብታዎች የሚመረተውና ስሟን የያዘው የወይን ጠጅ በሕግ ነጭ ብቻ ነው፤ የሚጣለውም ሻርዶኔ ከሚባለው አንድ የወይን ዝርያ ብቻ ነው።

ስሙ የተዘረፈው አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ ነው። ፈረንሳዮች ይህን ለማስቆም ረጅም ዘመን ተሟግተዋል። አውስትራሊያ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ባደረገችው ስምምነት ስሙን ተወች። አሜሪካ በ2006 በተፈረመ ስምምነት አዳዲስ አምራቾች በስሙ እንዳይጠቀሙ ብትስማማም፣ ቀድሞ ሲጠቀሙበት የቆዩት «የካሊፎርኒያ ሻብሊ» እያሉ እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸዋል። ጉዳዩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ2005 የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተችው፣ ገበሬው ሌላ በስሙ የሚያተርፈው ሌላ እንዳይሆን ነበር።

የስሙ ክርክር ግን የታሪኩ ጫፍ ብቻ ነው። የሻብሊ ወይን አገር ከመቶ ዓመት በፊት ከምድር ገጽ ለመጥፋት ጥቂት ነበር የቀረው። ከገፉት ነገሮች አንዱ ብርድ ነው። ዛሬ ሰው ውድ ዋጋ ከፍሎ የሚገዛው ጣዕምም ከዚያው ብርድ የመጣ ነው።

በወይን ዓለም ዳርቻ

ሻብሊ ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሰራን በሚባል ትንሽ ወንዝ ዳር ትገኛለች። በወይን ካርታ ላይ ቡርጎኝ የሚባለው የፈረንሳይ የወይን ክልል አካል ተብላ ትቆጠራለች። ይሁን እንጂ የቡርጎኝ እምብርት ከሆነችው ከቦን ከተማ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የሻምፓኝ ደቡባዊ ጫፍ ይበልጥ ይቀርባታል። አየሯም የሚመስለው የሻምፓኝን ነው፤ ክረምቱ ረጅምና ቀዝቃዛ፣ ጸደዩ የማይታመን፣ በጋው አጭር።

ወይን ሲበስል በፍሬው ውስጥ ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ስኳሩ ይጨምራል፤ ኮምጣጣው አሲድ ይቀንሳል። እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ስለሚለውጠው፣ በሞቃት አገር የበቀለ ወይን አልኮሉ ከፍ ያለ፣ ለስላሳና ወፍራም ጠጅ ይወጣዋል። ቀዝቃዛ አገር ላይ ብስለቱ ይጎተታል፤ ፍሬው ለለቀማ ሲደርስም ብዙ አሲድ እንደያዘ ነው። ሻብሊን የቀመሰ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይኸው ነው፤ ምላስን የሚቆነጥጥ፣ ሎሚንና ያልበሰለ ፖምን የሚያስታውስ፣ ጣፋጭነት የሌለው፣ አፍን አጥቦ የሚሄድ ጠጅ።

ሻርዶኔ ራሱ ጠባዩ ጎልቶ የማይታይ ወይን ነው፤ የበቀለበትን ቦታና የጣዩን እጅ ይከተላል። ለዚህም ይመስለኛል በመላው ዓለም የተስፋፋው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በባቱ (ዝዋይ) ባለማው እርሻም ይበቅላል። እዚያ ግን ፍሬው ይበስል ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ሰው የለም፤ በእርሻው ዙሪያ ቦይ የተቆፈረው ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ነው።

ድንጋዩና የወሰን ጠቡ

በሻብሊ ቁልቁለቶች ላይ ከወይኑ ረድፍ መካከል አንድ ግራጫማ ድንጋይ አንሥቶ በቅርበት የሚያይ ሰው፣ ድንጋዩ በጥቃቅን ዛጎሎች የተጠቀጠቀ መሆኑን ያስተውላል። እያንዳንዱ ዛጎል የጣት ጥፍር ቢያክል ነው፤ ቅርጹም እንደ ነጠላ ሰረዝ ጎበጥ ያለ ነው። እነዚህ ኦይስተር የተባሉት ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት የጥንት ዘመዶች ናቸው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አካባቢው ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነበር። የባሕሩ ጭቃና የዛጎሎቹ ክምችት ተጣብቆ የኖራ ድንጋይና ኖራ የበዛበት የሸክላ አፈር ሆነ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህን ንጣፍ ኪመሪጂያን ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው ንጣፉ ጎልቶ ከሚታይባት ከእንግሊዟ ኪመሪጅ መንደር ነው።

ሻጮች እዚህ ላይ ደስ የሚል ተረት ይተርካሉ፤ ጠጁ የባሕር ጣዕም ያለው ከጥንቱ ኦይስተር የመጣ ነው፣ ስለዚህም ከኦይስተር ጋር ይስማማል ይላሉ። ከኦይስተር ጋር መስማማቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ኮምጣጣነቱ ነው፤ ሰው ዓሣ ላይ ሎሚ የሚጨምቅበት ምክንያት ማለት ነው። የወይን ሥር ከድንጋይ የዛጎል ጣዕም መጥጦ ወደ ፍሬው አያደርስም። ተክል የሚወስደው በውሃ የሟሙ ንጥረ ነገሮችን ነው፤ እነዚህም መጠናቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ምላስ ለይቶ አያውቃቸውም። አፈሩ ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የሸክላው ክፍል ለበጋ የሚሆን እርጥበት ይይዛል፤ የኖራው ድንጋይ ትርፉን ውሃ ያሳልፋል፤ ተክሉም ሳይጠማም ሳይጨቀይም ቀስ ብሎ ያድጋል። ለቀዝቃዛ አገር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ድንጋዩ ከጣዕም ይልቅ በሕግ ላይ የበለጠ ክብደት ነበረው ብል ማጋነን አይሆንም። ሻብሊ በ1938 በፈረንሳይ ሕግ ወሰኑ የተከለለ ስም ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ሻብሊ» መባል የሚችለው ከተከለለው መሬት የተገኘ ጠጅ ብቻ ነው። ዋናው መስፈሪያ ደግሞ ያ ኪመሪጂያን የተባለው ንጣፍ ነበር። በኮረብታው አናት ላይ ያለው ጠንከር ያለና በዕድሜ ያነሰ ድንጋይ ፖርትላንዲያን ይባላል፤ እዚያ የሚበቅለው በ1944 በተፈጠረው ዝቅ ባለ ማዕረግ፣ ፕቲ ሻብሊ ተብሎ ይሸጣል።

በ1970ዎቹ የአካባቢው አምራቾች በዚህ ጉዳይ ሁለት ጎራ ለይተው ተናቆሩ። በአንድ ወገን የቆመው ዊልያም ፌቭር፣ ኪመሪጂያን ያልሆነ መሬት ሻብሊ ከተባለ ስሙ ይረክሳል አለ። በሌላው ወገን ዣን ዱሩፕ፣ ወሳኙ የቁልቁለቱ አቅጣጫና የአየሩ ጠባይ ነው፣ ያልተነካ ጥሩ መሬት ሞልቷል ሲል ተከራከረ። በመጨረሻ ወሰኑ ሰፋ። የሳይንስ ክርክር ቢመስልም፣ ከመሬቱ ጋር ዋጋው አብሮ እንደሚወጣ ማንም አላጣውም። በኔ ግምት ዱሩፕ በሳይንሱ ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር፤ ፌቭር ደግሞ በገበያው። ዛሬ ሱፐርማርኬት ውስጥ የሚገኘው ርካሽ ሻብሊ አንዳንዴ ቀጠን ብሎ ነፍስ የሌለው የሚሆነው፣ መሬቱ ሲሰፋ ሁሉም እኩል ጥሩ ስላልሆነ ነው።

ጠርሙሱ ላይ የሚነበቡት ማዕረጎች አራት ናቸው። ከታች ፕቲ ሻብሊ፣ ቀጥሎ ሻብሊ፣ ከዚያ ፕሪሚየ ክሩ፣ ከሁሉ በላይ ግራን ክሩ። ፕሪሚየ ክሩ የሚባሉት በሰራን ወንዝ ግራና ቀኝ በተለያዩ ቁልቁለቶች ላይ ተበትነዋል። ግራን ክሩ ግን አንድ ኮረብታ ነው፤ ከከተማዋ ማዶ፣ በወንዙ ቀኝ ዳርቻ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ አዙሮ የከሰዓቱን ፀሐይ ይቀበላል። ስፋቱ በአጠቃላይ መቶ ሄክታር ገደማ ነው። በሰባት ስሞች ተከፍሏል፤ ብላንሾ፣ ሌ ክሎ፣ ቫልሙር፣ ግረኑይ፣ ቮዴዚር፣ ፕረዝና ቡግሮ። ትልቁም ስመ ጥሩም ሌ ክሎ ነው። ሰባት ናቸው ከተባለ በኋላ ላ ሙቶን የሚል ስም ጠርሙስ ላይ ያየ ሰው አይደናገር፤ በቮዴዚርና በፕረዝ መካከል የምትገኝ፣ የቀድሞ መነኮሳት ይዞታ የነበረች ቁራሽ መሬት ናት።

መነኮሳት፣ ወንዝና ባቡር

መነኮሳትን ካነሣን፣ በሻብሊ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወሳኝ ሆነው ይገኛሉ። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቫይኪንጎች የሎዋርን ወንዝ ይዘው እየዘረፉ ሲመጡ፣ የቱር ከተማው የቅዱስ ማርቲን ገዳም መነኮሳት የቅዱሱን አፅም ይዘው ተሰደዱ። በ867 ንጉሥ ቻርልስ ራሰ በራው በሻብሊ ያለውን ትንሽ ገዳም ሰጣቸው። ከዚያ በ1114፣ ከሻብሊ በስተሰሜን ብዙም ሳይርቅ፣ የሲስተርሲያን መነኮሳት የፖንቲኚን ገዳም መሠረቱ። እነዚህ በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ፣ መሬት የሚያለሙ፣ መዝገብ የሚይዙ መነኮሳት ነበሩ። በሻብሊ የወይን እርሻ ያዙ፤ በከተማዋም መጋዘን ሠሩ፤ «ፕቲ ፖንቲኚ» የሚባለው ያ የድንጋይ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ተጣልቶ ሲሰደድ ከ1164 እስከ 1166 የተጠለለው በዚሁ በፖንቲኚ ነው።

ጠጁን ያበለጸገው ግን ከጸሎት ይልቅ ወንዝ ነው። በርሜሎቹ በጋሪ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ኦሴር ከተማ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጀልባ የዮንን ወንዝ ተከትለው ወደ ሴን፣ ከሴን ወደ ፓሪስ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ወይን ጠጅን በየብስ ረጅም መንገድ ማጓጓዝ ከጠጁ ዋጋ በላይ ሊያስከፍል ይችል ነበር። ስለዚህ ለፓሪስ የሚቀርብ ወንዝ ዳር ያለ ሁሉ ሀብታም ሆነ። ሻብሊ የምትገኝበት የዮን አውራጃ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን 40,000 ሄክታር ገደማ የወይን እርሻ ነበረው፤ አብዛኛውም ተራ የፓሪስ ሠራተኛ የሚጠጣው ርካሽ ጠጅ የሚመረትበት ነበር።

ይህን ሁሉ ያፈረሰው ባቡር ነው። በ1850ዎቹ ፓሪስና የሜዲትራኒያን ዳርቻ በሐዲድ ሲገናኙ፣ የደቡቡ ሞቃት አገር ጠጅ በጥቂት ዋጋ ፓሪስ ይገባ ጀመር። እዚያ ወይን በየዓመቱ ይበስላል፤ ብርድ አይፈጀውም። የሐዲዱ መስመር ደግሞ በቶኔር በኩል አልፎ ሻብሊን ወደ ጎን ተዋት። የሰሜኑ ገበሬ ገበያው በዓይኑ ፊት ተነጠቀ። በዚህ ላይ በ1880ዎቹ ፊሎክሴራ ደረሰ፤ ከአሜሪካ የገባ፣ የወይንን ሥር እየመጠጠ የሚያደርቅ ዓይን የማይሞላ ተባይ ነው። መድኃኒቱ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ነበር፤ ይህ ማለት ያለውን ሁሉ ነቅሎ እንደገና መትከል ነው። ገበያ ላጣ ሰው ይህን ሁሉ ወጪ ማን ይሞክራል? ብዙው ስንዴ ዘራ፤ ወይም ወደ ፓሪስ ተሰደደ።

ቀጥሎ የመጣው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጉልበቱን ወሰደ። በ1923 የቀሩት ገበሬዎች ላ ሻብሊዚየን የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ ዛሬም የአካባቢውን ምርት ሩብ ገደማ ይይዛል። በ1940 የጀርመን ቦምብ የከተማዋን መሐል አፈረሰ። በ1950ዎቹ በሻብሊ የቀረው የወይን እርሻ 500 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር። ሰዎቹም ከወይን ብቻ አይኖሩም፤ እህልም ላምም ነበራቸው።

የውርጭ ሌሊት

ያን ጊዜ ሻብሊን ከመነሣት ያገዳት ውርጭ ነው። የክረምቱ ብርድ ብዙም አይጎዳም፤ ተክሉ አንቀላፍቶ ነው የሚያልፈው። አደጋው ያለው ለጋ ቡቃያ ከወጣ በኋላ፣ በኤፕሪልና በሜይ መጀመሪያ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ምድሪቱ የቀን ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በቁልቁለቱ ተንሸራትቶ የሰራን ሸለቆ ላይ ይተኛል፤ ምርጡ የግራን ክሩ ኮረብታም ከግርጌው ሳይቀር እዚያው ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። ከዜሮ በታች ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ቡቃያው ውስጥ ያለው ውሃ ይረጋል፤ ሲነጋ እንደ ተቀቀለ ቅጠል ጠቁሮ ይረግፋል። የዓመቱ ምርት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሄደ ማለት ነው። የ1957ቱ ውርጭ ምርቱን እንዲሁ ጠራርጎ ወስዶታል።

ከዚያ በኋላ ገበሬዎቹ መከላከያ ይፈልጉ ጀመር። የመጀመሪያው መንገድ እሳት ነው። በረድፎቹ መካከል በየሄክታሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነዳጅ የሚነድባቸው ምድጃዎች ይደረደሩ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው በቆርቆሮ የተሞላ ሰም ነው የሚነደው። ሙቀት መለኪያው የተወሰነ ነጥብ ላይ ሲደርስ ማንቂያ ይደወላል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በጨለማ አንድ በአንድ ይለኩሳል። አድካሚም ውድም ሥራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መጀመሪያ ሲሰሙት እብደት ይመስላል፤ በውርጭ ሌሊት ተክሉ ላይ ውሃ መርጨት። ምሥጢሩ ያለው ውሃ ሲረጋ በሚለቀው ሙቀት ላይ ነው። በቡቃያው ላይ የሚያርፈው እያንዳንዱ ጠብታ ወደ በረዶ ሲለወጥ ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። ርጭቱ እስካልተቋረጠ ድረስ በበረዶ የተሸፈነው ቡቃያ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፤ ያን ደግሞ ይችለዋል። ሲነጋ ኮረብታው በሙሉ በመስተዋት የተለበጠ ይመስላል፤ በውስጡ አረንጓዴ ቡቃያ ይታያል። ዋናው አደጋ ፓምፑ መሐል ላይ ቢቆም ነው፤ እርጥቡ ተክል እየተነነ ጭራሽ ይቀዘቅዛልና ምንም ካልተደረገለት የባሰ ይጎዳል። ለዚህ የሚሆነውን ውሃ ለማግኘት በአቅራቢያው ባለችው በቤን መንደር ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተቆፍሯል።

ውርጩ መቆጣጠሪያ ሲያገኝ ባንክ ለገበሬው ማበደር ጀመረ፤ ገበሬውም መትከል ጀመረ። ትራክተርም መጣ። የ1970ዎቹ የወሰን ክርክር የተነሣው በዚህ መሐል ነው። ከ500 ሄክታር የተነሣው እርሻ ዛሬ ከ5,000 በላይ ነው።

ብረት ወይስ እንጨት

እርሻው ሲያንሠራራ የጓዳ ክርክር ተከተለ። ድሮ ጠጁ የሚፈላውም የሚቆየውም 132 ሊትር በምትይዝ፣ ፈዬት በምትባል ትንሽ የኦክ በርሜል ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙዎች ወደ ማይዝግ ብረት ታንከር ዞሩ። ሉዊ ሚሼል የሚባለው አምራች ቤት እንጨትን ፈጽሞ ከተዉት አንዱ ነው። ብረት ለጠጁ የሚጨምረው ጣዕም የለም፤ ሙቀቱን ለመቆጣጠር ይመቻል፤ ሲታጠብም ይጠራል። አዲስ የኦክ በርሜል ግን ቫኒላና ጭስ የሚል ጣዕም ይሰጣል፤ አየርም በእንጨቱ በኩል በዝግታ ስለሚገባ ጠጁ ይለሰልሳል። ዊልያም ፌቭር በዘመኑ የአዲስ በርሜል ደጋፊ ነበር።

ለእኔ ክርክሩ ከሚገባው በላይ ተጋኗል። የአካባቢው እጅግ የተከበሩ ሁለት ቤቶች፣ ራቨኖና ዶቪሳ፣ እንጨት ይጠቀማሉ፤ ግን በአብዛኛው ብዙ ዓመት ያገለገለና ጣዕሙን የጨረሰ አሮጌ በርሜል ነው። ጠጁ የእንጨት ጣዕም ሳይዝ አየሩን ብቻ ያገኛል። ጥያቄው ብረት ወይስ እንጨት ሳይሆን፣ እንጨቱ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ የሚለው ነው። ተራውን ሻብሊ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ መጠጣት ይሻላል፤ ጥሩ ግራን ክሩ ግን አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ እየቆየ የማርና የለውዝ ጠረን ያወጣል። ከፍሪጅ እንደወጣ በረዶ ሆኖ ከተቀዳ ግን ከሌላ ጠጅ አይለይም፤ አሥርና አሥራ ሁለት ዲግሪ ላይ ነው የሚናገረው።

አየሩ ሲሞቅ ውርጩ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። የሆነው ግን ሌላ ነው። ክረምቱ ስለሚለዝብ ተክሉ ቀድሞ ይነቃል፤ ቡቃያው በማርች መጨረሻ ብቅ ሲል የኤፕሪሉ ውርጭ ቆሞ ይጠብቀዋል። 2016፣ 2017 እና 2021 በዚህ መንገድ ክፉኛ ተመትተዋል፤ በ2024 ደግሞ ሜይ 1 ቀን በረዶ ወርዶ የቻለውን አወደመ። ለቀማውም ወደፊት ተስቧል፤ ቀድሞ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ላይ የነበረው፣ በ2003ና በ2020 በኦገስት ተጀምሯል። ያለፈው ትውልድ ፍሬው ሳይበስል ሲቀር ጭማቂው ላይ ስኳር ይጨምር ነበር፤ የአሁኑ አሲዱ ከመርገፉ በፊት ለመልቀም ይጣደፋል። አንዳንዶች የክረምቱን ቅርንጫፍ መከርከም ሆን ብለው እስከ ማርች ያዘገያሉ፤ ዘግይቶ የተከረከመ ተክል ዘግይቶ ስለሚያቆጠቁጥ ጥቂት ቀናት ያተርፋል። ችግሩ ሁሉም እርሻ በአንድ ወር ውስጥ ተከርክሞ አያልቅም፤ የሚሠራው ሰው የለም። ስለዚህ የትኛው ቁራሽ መጨረሻ ይከርከም የሚለው በየዓመቱ ይመረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዕጣው የሚደርሰው ለሸለቆው ግርጌ ነው።